ብቻን በጣና ዳር እየተራመዱ መሳል፦ ከዋዜማው ዝግጅት እስከ ቤት መመለስ

ለመሳል ወደ ጣና ዳር ከሚወጡ ሰዎች ብዙዎቹ የሚመለሱት ፊታቸው በፀሐይ ተለብልቦ፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ፣ ደብተራቸውም አንድ ያላለቀ ገጽ ብቻ ይዞ ነው። ይህ የሚሆነው የመሳል ችሎታ ስለሚያንሳቸው አይደለም። ረፍዶባቸው ይወጣሉ፤ የቤታቸውን ግማሽ ተሸክመው ይወጣሉ፤ የመጀመሪያውን ያማረ ቦታ እንዳዩ ተቀምጠው ይጀምራሉ፤ ከዚያም ነፋሱ ሲነሣ፣ ልጆች ሲሰበሰቡና የውኃው ነጸብራቅ ዓይን ሲወጋ ሥራውን ጥለው ይነሣሉ። እኔም ለረጅም ጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነበር።

ይህ መመሪያ ከባሕር ዳር ከተማ ተነሥቶ በእግር ለሚደረግና ሦስት ሰዓት ያህል ለሚወስድ የብቻ ጉዞ የተዘጋጀ ነው። ግቡም ሦስት ሥራዎችን ይዞ መመለስ ነው፤ እነሱም አንድ ፈጣን የእርሳስ ንድፍ፣ አንድ በብርዕና በቀለም የተሠራ ሥዕል፣ አንድ በውኃ ቀለም የተሠራ ሥዕል ናቸው። ደረጃዎቹ ሁሉ በአንድ ደንብ ላይ የቆሙ ናቸው፦ ሲሄዱ ቦርሳ አይከፈትም፤ የሚሳለው ሲመለሱ ነው። ይህንን ደንብ ካፈረሱ የቀረው ምክር ብዙም አይጠቅምዎትም።

ደረጃ 1፦ ወሩንና ሰዓቱን ይምረጡ

ባሕር ዳር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ስለምትገኝ፣ ከከተማዋ ሆነው ሐይቁን ሲመለከቱ ፊትዎ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትጓዝ ብርሃኑ ከጀርባዎ ይመጣል፤ ከደንገል የሚሠራው ታንኳም፣ ደንገሉ ራሱም፣ ራቅ ብለው የሚታዩት ደሴቶችም ፊታቸው በርቶ፣ ቀለማቸው ተለይቶ ይታያል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ ግን ፀሐይ በሰሜን ምሥራቅ ወጥታ ቀትር ላይም ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ ጠዋት ከቀኝ ፊት ለፊት ዓይንዎን ትወጋለች። በእነዚህ ወራት አይወጣም ማለቴ አይደለም፤ የሚሳለው ነገር ይለያል፤ ከዝርዝር ይልቅ ጥላና ቅርጽ ላይ ያተኩሩ።

ለጀማሪ የሚሻሉት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ናቸው። አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ዝናብም እምብዛም አያሰጋም። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋግ ስለሚበዛ ሩቁ ዳርቻ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሰዓቱ ከወሩ ይበልጣል። ፀሐይ እንደየወቅቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትወጣለች፤ እግርዎ መንገድ ላይ መሆን ያለበት ያን ጊዜ ነው። ማለዳ ላይ ውኃው እንደ ዘይት የረጋ ነው። ረፈድ ሲል የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላም ይበረታል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ትንሽ ነፋስ በአጭር ጊዜ ማዕበል ያስነሣል፤ ዳር ዳር ያለውንም ደለል በጥብጦ የውኃውን ቀለም ይለውጠዋል። ጠዋት የጀመሩትን ውኃ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጨረስ የማይችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከረፈደብዎ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ከሆነ የነቁት የዕለቱን ሥዕል ይተዉ፤ መንገዱን ብቻ አይተው ይመለሱና በማግሥቱ በሰዓቱ ይውጡ።

ደረጃ 2፦ መንገዱን በዋዜማው ያጣሩ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡ ከሆነ ከከተማው የሐይቅ ዳር መንገድ አይራቁ። ጥላ አለው፣ መሬቱ ጠንካራ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጸጥታው ለሥራ በቂ ነው። «ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ» ብለው ሰው ወደሌለበት ረግረግ የሚሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ብቸኝነት ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ አይስልም። ጥሩው ቦታ ሰው የማያቋርጥዎት፣ ነገር ግን ቢጮኹ የሚሰማዎት ሰው ያለበት ነው። ይህ በተለይ ብቻቸውን ለሚወጡ ሴት ሠዓሊያን ቸል የሚባል ጉዳይ አይደለም።

ዘጌ የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ሁለተኛ አማራጭ ነው። በቡናው ጫካ ውስጥ የሚያልፉት የእግር መንገዶች እጅግ ጸጥተኞች ናቸው፤ ግን ሐይቁ በዛፎቹ መካከል ብልጭ እያለ ይጠፋል እንጂ ተዘርግቶ አይታይም። የሰሜኑን ዳርቻ የሚፈልግ ሰው ወደ ጎርጎራ ይሂድ፤ እዚያ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ፊትዎ ወደ ደቡብ ስለሚሆን በበጋ ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ሆና ትመጣብዎታለች፤ ውኃው ብር ይመስላል፣ ታንኳው ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ለጎርጎራ ጥቁር ቀለምና ብርዕ ይዘው ይሂዱ፤ የውኃ ቀለሙን ቤት ይተዉት።

በዋዜማው የሚከተሉትን ይፈጽሙ፦

1. የዕለቱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ይጠይቁ። በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከቀን ወደ ቀን ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ባለፈው ሳምንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው ብለው አያስቡ። የባጃጅ ሾፌሮች ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።
2. የሚመለሱበትን ቦታ ይወስኑ። «እስከ ደከመኝ እሄዳለሁ» የሚባል ዕቅድ የለም። ከመነሻዎ 50 ደቂቃ ያህል የሚርቅ አንድ ወርካ፣ አንድ የጀልባ ማቆሚያ ወይም አንድ አጥር ይምረጡ።
3. ለአንድ ሰው ይንገሩ። የመመለሻውን ቦታና ሰዓት ይንገሩ፤ «እስከ 4 ሰዓት ካልደወልኩ ደውሉልኝ» ይበሉ።
4. የማይሳሉትን ይለዩ። ድልድይ፣ የጦር ካምፕ፣ ጥበቃ የቆመበት ግቢ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ያለው የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ በደብተርዎ ውስጥ አይግቡ። ጥበቃ ላይ ላለ ሰው ንድፍና የስለላ ካርታ አንድ ሊመስሉት ይችላሉ፤ እሱን ለማስረዳት የሚፈጀው ጠዋት የእርስዎ ነው።

ደረጃ 3፦ ቦርሳውን ማታ ያሰናዱ

ከሦስት ኪሎ የሚበልጥ ቦርሳ አይያዙ። ማታ ቦርሳውን አንግተው ደረጃ ይውጡበት ወይም ግቢውን አሥር ጊዜ ይዙሩበት፤ ትከሻዎ ካማረረ አንድ ነገር ያውጡ። ብዙ ጊዜ መውጣት ያለበት የቀለም ሣጥኑ ነው። ለጣና ሦስት ቀለም ይበቃል፦ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ ቡናማ ቀይ ሸክላ የሚመስለው በርንት ሲየና እና ቢጫ ኦከር። ሰማያዊውና ቡናማው ሲደባለቁ ከአመዳም ግራጫ እስከ ጥቁር ሊደርስ የሚችል ቀለም ይሰጣሉ፤ የሐይቁ ጥላ ሁሉ ከዚያ ውስጥ ይወጣል።

ወረቀቱ ላይ አይቆጥቡ። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውኃ ሲነካው እንደ እንጀራ ዳር ይጨማደዳል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የውኃ ቀለም ወረቀት በግማሽ ኤ4 ልክ ቆርጠው አራት ቅጠል ይያዙ፤ አራተኛው መጠባበቂያ ነው። ከጠንካራ ካርቶን ጋር በአራት የልብስ መቆንጠጫዎች አራቱንም ማዕዘን ይያዙ፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ የመጀመሪያው ንፋስ ወረቀቱን እንደ ሸራ ይነፋዋል።

የቀረው ይህ ነው፦ 2ቢና 6ቢ እርሳስ፣ አንድ መካከለኛ ክብ ብሩሽ፣ ትንሽ ጠርሙስ ጥቁር ቀለም፣ ሶፍት፣ ሁለት ፌስታል፣ ሰፊ ኮፍያ፣ ዣንጥላ፣ ቁመቱ እስከ ደረትዎ የሚደርስ በትር፣ ቆሎ። ውኃ በሁለት ግማሽ ሊትር መያዣ ይያዙ፤ አንዱ ለመጠጥ፣ ሌላው ለብሩሽ። የብሩሹን መያዣ በፕላስተር ምልክት ያድርጉበት። ሳያስተውል የብሩሹን ውኃ የጠጣ ሰው አውቃለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን አልናገርም።

የመቃ ብርዕ አቆራረጥ

ለብርዕ ሥዕሉ የሱቅ እስክሪብቶ አይጠቀሙ፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስለሚሆን ደንገልን መሳል አይችልም። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች እንደሚያደርጉት ከመቃ ብርዕ ይቅረጹ።

1. እንደ ትንሽ ጣት የሚወፍር፣ በደንብ የደረቀ መቃ ወይም ቀጭን ሸምበቆ በአንድ ስንዝር ርዝመት ይቁረጡ። ደንገል ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡ ክፍት ሳይሆን እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ስለሆነ ቀለሙን መጥጦ ይቀራል።
2. ጫፉን በስለታም ቢላ አግድም አዘንብለው ይቁረጡ፤ ቢላውን ሁልጊዜ ከጣትዎ ወደ ውጭ ይግፉ።
3. ግራና ቀኙን እየላጡ ጫፉን ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ያጥብቡ።
4. መሐሉን ወደ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰንጥቁ፤ ቀለሙ የሚወርደው በዚህ ስንጥቅ ነው።
5. የመጨረሻውን ጫፍ በአንድ ምት ቀጥ አድርገው ይቁረጡ።

ስንጥቁ ረዝሞ ብርዑ ሁለት ከሆነ፣ ከስንጥቁ በላይ ቆርጠው ከቁጥር 2 ይጀምሩ፤ በሁለተኛው ሙከራ ከመሰንጠቅዎ በፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በክር ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ቀለሙ አልወርድ ካለ ስንጥቁ ስለተዘጋ ነው፤ ምላጭ በስስ አስገብተው ይክፈቱት። ቀለሙ በጠብታ ከፈሰሰ ደግሞ ስንጥቁ ሰፍቷል፤ ሌላ ይቅረጹ። ከሦስት ያላነሱ ብርዖች ይያዙ።

ደረጃ 4፦ የመሄጃው መንገድ፣ ቦርሳው ዝግ

ይራመዱ፤ አይሳሉ፤ ስልክም አያውጡ። በእነዚህ 50 ደቂቃዎች ውስጥ ሥራዎ ሦስት ማቆሚያዎችን መምረጥ ብቻ ነው። ዓይን የሚስብ ነገር ሲያገኙ ይቁሙና ድምፅ አውጥተው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ፤ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሁሉ የሚጠቁረው የቱ እንደሆነ መገለጽ አለበት። «የታንኳው ሆድ ከደንገሉ ሥር ይጠቁራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ማቆሚያ ይሆናል። «እንዴት ያምራል!» የሚል ዓረፍተ ነገር አይሆንም፤ ይለፉት።

ማቆሚያውን እንዳይረሱት እስከሚቀጥለው ማቆሚያ ድረስ እርምጃዎን ይቁጠሩ። ስድስትና ሰባት ካገኙ ከቅርብ ወደ ሩቅ ሳይሆን ከጨለማ ወደ ብርሃን ያወዳድሩና የብርሃንና የጥላ ልዩነታቸው የጎላውን ሦስቱን ያስቀሩ።

መሬቱን ሳያጣሩ አይርገጡ

የሐይቁ ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ሲሆን ዳርቻው ሜዳማ በመሆኑ ውኃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃ ይተዋል። ላዩ በፀሐይ ደርቆ እንደ ዐውድማ የተሰነጣጠቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገንፎ ነው። እምቦጭም እንዲሁ ያታልላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ በተለይ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሰፊ ቦታ የያዘ ሲሆን፣ ወይን ጠጅ አበባ ያለው መስክ መስሎ ከሥሩ ውኃ ይዟል። በትርዎ ያለ ጉልበት ከአንድ ስንዝር በላይ ከገባ ወደዚያ አይሂዱ።

እግርዎ ከገባ፦ በኃይል አይሳቡ፤ ሲስቡ ሌላኛው እግር ይገባል። ወደኋላ ይቀመጡ፣ ክብደትዎን በመቀመጫዎና በበትሩ ላይ ይዘርጉ፣ የገባውን እግር ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ቀስ ብለው ያውጡ። ጫማው ከቀረ ይቅር።

ጉማሬ

አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና በደንገል ጥቅጥቅ ባሉ ዳርቻዎች ጉማሬ አለ። ሌሊት ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ይመለሳል። በመሆኑም ወደነዚህ ቦታዎች ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ አይጠጉ። ሣሩ ተደፍጥጦ እንደ መኪና ጎማ ሁለት ጎን ለጎን የሆነ መንገድ ካዩ፣ ቁጥቋጦውም ላይ እበት ተረጭቶ ከሆነ፣ ያ የጉማሬ መተላለፊያ ነው፤ ለመቀመጫ የቱንም ያህል ቢያምር አይቀመጡበት።

ካጋጠመዎት በጉማሬውና በውኃው መካከል አይቁሙ፤ ሰውን የሚያጠቃው በአብዛኛው የመመለሻ መንገዱ የተዘጋበት ሲመስለው ነው። ድምፅ ሳያሰሙ፣ ጀርባ ሳይሰጡ ወደ ጎን ይራቁና ወፍራም ዛፍ ይከለሉ። ሩጫ አይቀድሙትም። ሥዕል ለመሳል የሚሆነውም ጉማሬ በውኃው ውስጥ በሩቅ ያለው ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ መቀመጫ

የመመለሻ ቦታዎ ሲደርሱ አምስት ደቂቃ ዐርፈው፣ ቆሎዎን ቆርጥመው፣ ውኃ ጠጥተው ይመለሱ። አሁን ቦርሳው ይከፈታል።

በእያንዳንዱ ማቆሚያ ጀርባዎን ለዛፍ ግንድ ወይም ለግንብ ይስጡ፤ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ሰው አይኖርም። ፀሐይ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ከወደቀች ነጩ ወረቀት ዓይንዎን ስለሚያጥበረብር ቀለሙን ከሚገባው በላይ ያጠቁራሉ፤ ቤት ገብተው ሲያዩት ከሰል ሆኖ ያገኙታል። ዣንጥላው የተያዘው ለዝናብ ሳይሆን ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ ቆመው ጀምረው ተቀምጠው አይጨርሱ። ሐይቁ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበት መስመር ሁልጊዜ በዓይንዎ ከፍታ ላይ ነው፤ ሲቀመጡ አብሮዎት ይወርዳል። ቆመው ሲያዩት ከመስመሩ በታች የነበረው የደንገል ጫፍ ሲቀመጡ ከመስመሩ በላይ ይወጣና ደሴቱን ይሸፍነዋል። ገጹ ውስጥ «የሆነ ነገር ልክ አልመጣም» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ስሕተት ነው።

ደረጃ 6፦ ሦስቱን ሥራዎች በቅደም ተከተል ይሥሩ

የመጀመሪያው፣ አምስት ደቂቃ፣ በ6ቢ እርሳስ። ውኃው ከሰማይ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ከገጹ የላይኛ ጠርዝ በሁለቱም ጫፍ እኩል እንዲርቅ አድርገው ያስምሩ። ከመስመሩ በታችና በላይ ያሉትን ጨለማ ቦታዎች ብቻ ያጥቁሩ። ቅጠል፣ ወፍ፣ ሰው አይሳሉ። ስልክዎ አምስት ደቂቃ ሲሞላ እንዲጮህ ያድርጉ፤ ሲጮህ እጅዎን ያንሡ። ይህ ሥራ የሚታይ ሥዕል እንዲሆን አይጠበቅም፤ እጅን ለማሞቅ ነው።

ሁለተኛው፣ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ በመቃ ብርዕ። እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ታንኳ ላይ ነውና።

ከዓመታት በፊት በአንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ እንጨት ጭና የምትመጣ ታንኳ ሳልሁ። ቀጥ ያለች፣ ከውኃው በላይ ተንሳፍፋ የምትታይ፣ እንደ ፕላስቲክ ጀልባ ያማረች ነበረች። መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሳ አስጋሪ ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ ይህቺ ታንኳ ገና ውኃ አልጠጣችም» አሉኝ። እኔ ምን ማለታቸው እንደሆነ ስላልገባኝ ጣታቸውን ወደ ሐይቁ ቀሰሩ። እውነትም እውነተኛይቱ ታንኳ ወገቧ ውኃው ውስጥ ነው፤ ከውኃው በላይ የቀረው የእጅ መዳፍ የሚያህል ብቻ ነበር፤ አፍንጫዋ ብቻ ወደ ላይ ተቀልብሶ ቀርቷል። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ታንኳ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ ተገትራ የምትደርቀውም ለዚህ ነው።

በመሆኑም በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሳሉ፦

1. ጫፉን በቀለሙ ነክረው ትርፉን በጠርሙሱ አፍ ላይ ያራግፉ፤ መጀመሪያ በካርቶኑ ላይ አንድ መስመር ይሞክሩ።
2. ታንኳዋን ሳይሆን ታንኳዋ ውኃውን የነካችበትን መስመር ያስምሩ።
3. ከዚያ መስመር በላይ ያለውን ቀጭን ጎን፣ በመጨረሻም የተቀለበሰውን አፍንጫ ይሳሉ።
4. የታሰሩትን የደንገል እስሮች በርዝመት ሁለት ወይም ሦስት መስመር ብቻ ያመልክቱ፤ እያንዳንዱን አገዳ አይቁጠሩ።
5. ነጸብራቁን በቀጥታ ወደ ታች ያውርዱ። ወደ ጎን አያዘንብሉት። ጥቁር የሆነው ነገር በውኃው ውስጥ ትንሽ ይነጣል፤ ነጭ የሆነው ትንሽ ይጠቁራል።
6. ደንገሉን ከሥር ወደ ላይ በአንድ ምት ይሳሉ፤ ከላይ ያለውን ጸጉር መሰል ራስ በመጨረሻ ይበትኑት።

ቀለም ከተንጠባጠበ አይጥረጉት፤ ሲጠርጉት ይሰፋል። የሶፍት ጫፍ አስነክተው ይምጠጡና እስኪደርቅ ይተዉት፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይ ወይም ወፍ ሊሆን ይችላል። ታንኳዋ መሐል ላይ ከሄደች ደግሞ ሌላ ታንኳ እስክትመጣ ይጠብቁ፤ ሁሉም በውኃው ላይ የሚቀመጡት አንድ ዓይነት ስለሆነ የጀመሩትን በሌላይቱ መጨረስ ይቻላል።

ሦስተኛው፣ አርባ ደቂቃ፣ በውኃ ቀለም። አንድ ነገር አስቀድመው ይቀበሉ፦ የጣና ውኃ ሰማያዊ አይደለም። ግልገል አባይ፣ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች የሚያመጡት ደለል ስላለበት ዳር ዳሩ ወተት እንደነካው ሻይ ነው፤ ራቅ ሲል አረንጓዴ ያለበት ግራጫ ይሆናል፤ ሰማዩ የሚያርፍበት ሩቁ ላይ ብቻ ሰማያዊ ይመስላል። ንጹሕ ሰማያዊ ቀብተው የሚመለሱ ሰዎች የሳሉት በፖስት ካርድ ያዩትን ባሕር ነው።

ሰማዩን በብዙ ውኃ በቀጠነ አልትራማሪን ይጀምሩ፤ ሳይደርቅ ወደ ታች ወርደው ከመስመሩ በታች ቢጫ ኦከር፣ ከዚያም ወደ እግርዎ በቀረቡ ቁጥር በርንት ሲየና ይጨምሩ። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሦስቱንም ቀለሞች ብሩሹ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት በጥብጠው ያሰናዱ። የመጀመሪያው ቅብ ሙሉ በሙሉ ደርቆ የወረቀቱ ጀርባ በእጅዎ ሲዳሰስ ካልቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ደሴቱን፣ ቀጥሎ ደንገሉን፣ በመጨረሻ ጥቁሩን ጥላ ይቀቡ። ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ተቆራርጦ ከደረቀ፣ ግማሽ በደረቀ ቅብ ላይ ውኃ ጨምረዋል ማለት ነው፤ አይጠግኑት፣ ሲጠግኑት ይብስበታል። መጠባበቂያውን ቅጠል ያውጡ።

ደረጃ 7፦ ሰው ሲመጣ

ሰላምታውን እርስዎ ይጀምሩ። አሳ አስጋሪ፣ ታንኳ ሠሪ፣ ከብት ጠባቂ ቢሆን «እንደምን አደሩ» ብሎ ሳይጠይቁ መሳል ነውር ነው። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችንና የሚታጠቡ ሰዎችን በሩቅም ቢሆን አይሳሉ። የአንድን ሰው ፊት ከሳሉ ያሳዩት፤ ካልወደደው ገጹን ይስጡት።

ልጆች ሲሰበሰቡ አይቆጡ፤ ቁጣ ይበልጥ ይሰበስባቸዋል። አንዱን ትልቅ ልጅ ይምረጡና «አንተ የንፋስ ጠባቂ ነህ፤ ወረቀቱን ያዝልኝ» ይበሉት። ሌሎቹን እሱ ይበትናቸዋል። ገንዘብ ወይም ከረሜላ አይስጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያ ዳርቻ ለሚያልፍ ሠዓሊ ሁሉ ዕዳ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ማቆም

ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ሥራው ባያልቅም ይነሡ፦ የውኃው ገጽ በሩቅ ጠቆር ያለ ጭረት ሲይዝ፣ የወረቀቱ ማዕዘን ሁለት ጊዜ ሲነሣ፣ ነጎድጓድ አንድ ጊዜ ሲሰማ። በነጎድጓድ ጊዜ ከውኃው ዳር ይራቁ፤ ሜዳ ላይ ብቻውን በቆመ ወርካ ሥር ግን አይጠለሉ። ያላለቀውን ሥራ በሁለት ፌስታል መካከል ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡት እንጂ እርጥብ ደብተር አይዝጉ።

ደረጃ 9፦ ቤት እንደገቡ

ቢልሃርዝያ በጣና ዳርቻ ያለ በሽታ ነው፤ ተውሳኩ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃው ውስጥ እየዋኘ በቆዳ በኩል ይገባል። በሐይቁ ውኃ ብሩሽ አይጠቡ፣ እግር አያጥልቁ፣ በተለይ ቀትር አካባቢ፤ ተውሳኩ በብዛት የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። እግርዎ ሳይታሰብ ከረጠበ ወዲያው በጨርቅ አጥብቀው ያድርቁት። ምርመራው ውኃው ከነካዎት ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ሲደረግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ከተገኘብዎ በሐኪም ትእዛዝ በሚወሰድ ፕራዚኳንቴል ይታከማል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዘዎት ደግሞ ወባ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር የደም ምርመራ ያድርጉ።

ሥዕሎቹን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከባድ መጽሐፍ ሥር አንድ ሌሊት ያሳድሯቸው። በጀርባቸው ቀኑን፣ ሰዓቱንና በመሄጃው መንገድ ላይ ድምፅ አውጥተው የተናገሩትን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ይጻፉ። ብርዖቹን በንጹሕ ውኃ አጥበው ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ያቁሟቸው፤ ቀለም የደረቀበት ስንጥቅ በማግሥቱ አይከፈትም።